ስለ ሸምሲያ ፍንጭት፣ ከመሰናበቴ በፊት

ክቡራትና ክቡራን፣ ዶክተር ገብረየስ፣ የክሊኒካችን ሠራተኞች በሙሉ፤

ከምስጋናዬ በፊት አንድ ወሬ ላስተካክል። «ሲስተር አፀደ ሥራዋን የለቀቀችው ተወልደ የሰው ጥርስ በምስር ስለለካ ተናዳ ነው» የሚል ወሬ ከካርድ ክፍል ተነሥቶ፣ በመርፌ ክፍል በኩል አልፎ፣ ትናንት ዘበኛው ጋ ደርሶ፣ ዛሬ ጠዋት ዞሮ ዞሮ ወደ ራሴ መጣ። ሐሰት ነው። የምሄደው ዕድሜዬ ስለደረሰ ነው። እንዲያውም ከደረሰ ቆይቷል፤ በኮንትራት እያራዘማችሁልኝ ነው እስካሁን የቆየሁት። ምስሩን ደግሞ ከሾላ ገበያ በመሐረቤ ቋጥሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ወሬም ቢሆን በትክክል ይወራ።

አሁን ምስጋናዬን ልቀጥል። ይህን ግብዣ ያዘጋጃችሁልኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዳራሹን ያጸዱትን፣ ወንበር የደረደሩትን፣ ስጦታውን የመረጡትን አመሰግናለሁ። ኬኩን ያዘዘው ሰው ማን እንደሆነ ግን አልጠይቅም። ስገባ ዐይኔ መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነው፤ ክው ብዬ ቀረሁ። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ፣ ዕድሜዋን ሙሉ «ጣፋጭ ቀንሱ» ስትል ለኖረች ሴት፣ ባለ ሁለት ፎቅ የክሬም ኬክ! ብሉት፤ ተሠርቷልና ምን ይደረጋል። ከበላችሁ በኋላ ግን ሁላችሁም በውኃ ተጉመጥመጡ። ዶክተር፣ እርስዎንም ይጨምራል።

አያችሁ፣ እኔ ቶሎ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ያደግሁት በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ዋና መምህርታችን በየማለዳው በረንዳ ላይ አሰልፋ መጀመሪያ ጥፍራችንን፣ ቀጥላ ጥርሳችንን ታይ ነበር። ያላጠበች ልጅ ወደ ኋላ ተመልሳ ታጥባ ትመጣለች፤ እስክትመጣ ሰልፉ በሙሉ በብርድ ይጠብቃታል። ጓደኞችሽን በብርድ ካስቆምሽ በኋላ በማግስቱ ሳታጥቢ አትወጪም። እንዲህ ተቀጥቅጬ ያደግሁ ሰው እናንተ መሀል ስገባ መደንገጥ ይነሰኝ?

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን አልረሳውም። ምሳ ሰዓት ላይ ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ ተቀምጦ እያየኝ ነው፣ የለስላሳ ጠርሙስ በጥርሱ ከፈተ። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ! ነጭ ጋዋን ለብሶ! «ምን ማድረግህ ነው?» ብለው፣ «መክፈቻው ጠፍቶብን እኮ ነው ሲስተር» አለኝ። መክፈቻው እስከዛሬ አልተገኘም። የሰውየው ጥርስ ግን ተሸርፎ በሦስተኛው ዓመት እኛው ሞላንለት።

ቀበሌ ሄጄ ትምህርት የሰጠሁበትንም ቀን አስታውሳለሁ። ጥርስ በቀን ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ በተለይ ከመኝታ በፊት ያለው እንዳይታለፍ፤ ብሩሹ ከድድ ወደ ጥርስ እየተጠረገ እንጂ እንደ ምጣድ አይፈተግም ብዬ አስተምሬ ወጣሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አባወራ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«ሲስተር፣ እንደነገሩን ከኅብረት ሱቅ ብሩሽ ገዛን!» አሉኝ ፊታቸው በርቶ።

«ጎበዝ! ስንት ገዛችሁ?»

«አንድ ነዋ።»

«ቤተሰቡስ ስንት ነው?»

«ከእንግዶቹ ጋር ዘጠኝ።»

«ታዲያ ማን ነው የሚጠቀምበት?»

«ሁላችንም በየተራ። እርግጥ እንግዳ ካለ መጀመሪያ ለእንግዳ እንሰጣለን» አሉኝ።

እንግዳ አክባሪነታቸውን ላመስግን ወይስ ልጩህ? ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም፤ «ብሩሽ ግዙ» እንጂ «ለየራሳችሁ ግዙ» ያለ አስተማሪ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ባስተማርሁበት ቀበሌ ሁሉ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይኸው ሆነ። እናንተም ከኔ በኋላ ስታስተምሩ ከዚሁ ጀምሩ። ብሩሽ ያጣ ሰው በመፋቂያ ይፋቅ፤ መፋቂያን የሚንቅ ባለሙያ አልወድም። ጫፉ በደንብ ይታኘክ፣ ይለስልስ፣ የውስጡም ጥርስ ይፋቅ፤ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ የፊት የፊቱን ብቻ እየቧጨሩ መንገድ ማየት አይደለም። ከሰል ግን አይሆንም። አመድም አይሆንም። በረኪና፣ አዎ በረኪና፣ ለሠርጓ ጥርሷን ነጭ ለማድረግ በበረኪና ያጠበች ሙሽራ ከሩዋንዳ ሰፈር መጥታልን ነበር፤ ድዷ ተልጦ፣ ከንፈሯ አብጦ። እሷን ባየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም።

ፈገግታን ማሳመር ነውር ነው እያልኩ አይደለም። ሰው ጥርሱን ያሳጥብ፤ የተቦረቦረውን ያስሞላ፤ የወለቀውን ይተካ። ደህናውን ጥርሱን አስሞርዶ በወርቅ ለመሸፈን የሚመጣውን ጎረምሳ ግን በተቻላችሁ መጠን መልሱት። «የእጮኛዬ ወንድም ስላለው» ብሎ ጤነኛ ጥርስ የሚያስሞርድ ሰው አይቻለሁ። እሱም ተመርቆ የመጣ አካውንታንት ነበር።

ሥራዬን ስለቅ ድንጋጤዬም እዚሁ የሚቀር መስሎኝ ነበር። ለካ ትልቁ ለመጨረሻው ወር ተቀምጦልኛል።

ሸምሲያን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አዲስ ለመጣችሁት ልንገራችሁ፦ ከኋላ ባለው ክፍል የሕክምና ዕቃችንን የምታጥብልንና የምትቀቅልልን እሷ ናት። ዛሬ እዚህ የሌለችው ቤቷን እያሰናዳች ስለሆነ ነው። ስለሷ እንድናገር ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ «ይናገሩ ሲስተር፣ ልጄ ከመጣ ወዲያ ምን የምደብቀው አለ?» ብላኛለች።

ልጇ ሲራጅ ይባላል። በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ወደ ኦጋዴን ሲዘምት ገና ጢሙ በቅጡ አልበቀለም ነበር። ተማረከ። ሞተ ተብሎ ተለቀሰ፤ ከዚያ በቀይ መስቀል በኩል በሕይወት እንዳለ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። እናቱ በነዚያ ዓመታት ድዷ ታሞ የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ተራ በተራ ወለቁ። እኛ ጋ ተቀጥራ ስትመጣ አንድም አልቀራትም። የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ፣ ጥርስ የላትም! በየዓመቱ እለምናታለሁ። ዶክተር ገብረየስም ለምነዋታል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ለማን ልገልጠው ብዬ ጥርስ ላሠራ፣ ሲስተር?»

ምን ትሉታላችሁ ይህን?

ባለፈው ወር ምርኮኞቹ ሊመለሱ ነው ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። በማግስቱ ጠዋት ገና በሽተኛ ሳይገባ ወደ ሕክምናው ክፍል ስገባ ሸምሲያ የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ወንበሩን ስትወለውል እንጂ ስትቀመጥበት አይቼ አላውቅም። የታመመች መሰለኝ።

«ሸምሲያ! ምን ሆንሽ?»

«ሥሩልኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ጥርሴን ነዋ! ልጄ በምን ያውቀኛል? ሲሄድ ሴት ነበርኩ፤ አሁን አሮጊት ሆኜ፣ አፌ ወደ ውስጥ ገብቶ! ‹ይቺ ማናት› ብሎ አልፎኝ ቢሄድስ?»

ዶክተር ገብረየስ እንደገቡ አንድ ቃል ሳይጨምሩ የአፏን ልክ ወሰዱ። ተወልደ ደግሞ፣ የጥርስ ቴክኒሺያናችን፣ ሌላውን ሥራ ወደ ጎን አድርጎ ገባበት። ተነቃይ ጥርስ መጀመሪያ በሰም ላይ ተደርድሮ ይሞከራል፤ ልክ ከሆነ በኋላ ነው ተጋግሮ የሚጠነክረው። ተወልደ የደረደረው ጥርስ በውነቱ ያምር ነበር። ነጭ፣ እኩል፣ ግጥም ያለ። ቡልጋሪያ የተማረው በከንቱ አይደለም። አፏ ውስጥ አስገባንላትና መስተዋቱን ሰጠኋት። ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን አዘጋጅቼ ነበር።

አየች። መስተዋቱን ገለበጠችና ጀርባውን አየች። እንደገና አየች።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች።

ተወልደ ሳቀ። «እትዬ ሸምሲያ፣ እርስዎ ነዎት! አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ሰው ይፈልጉልኝ እስቲ!»

«ፍንጭቴስ?»

«ምን?»

«ፍንጭቴን የት አደረስከው አንተ ልጅ?»

ለካ ሸምሲያ ፍንጭት ነበረች! ማን ያውቃል? ከኛ መካከል ጥርሷን ያየ ሰው የለም። ተወልደ ምንም አላጠፋም፤ ያላየውን ከየት ያምጣው?

«ይህንን አጥልቄ ብቀርበው ልጄ ምን ይላል?» አለች ሸምሲያ። «የሌላ ሰው እናት ነው የሚለኝ። ከነጉድለቴ ብሄድ ይሻለኛል።» አወለቀችና በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችው፤ ወደ ዕቃ ማጠቢያዋ ተመለሰች።

ምርኮኞቹ በማንኛውም ቀን ሊገቡ ይችላሉ እየተባለ ነበር። ሰዓቱም እየሄደ ነበር። «ፎቶግራፍ አምጪና ከሱ ላይ አይተን እንሥራው» አልኳት። በማግስቱ አመጣች፤ ከሟቹ ባለቤቷ ጋር ስቱዲዮ የተነሡት ነው። ሁለቱም ጥይት እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብለው፣ ከንፈራቸውን ግጥም አድርገው ቆመዋል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺ ፊት ጥርሱን የሚገልጥ ማን ነበር? እኔም ቤት ያሉኝ ፎቶዎች ሁሉ የተጣላሁ እመስላለሁ።

«እሺ፣ ስፋቱ ምን ያህል ነበር?» አላት ተወልደ።

በጣቶቿ አሳየችው። ደግመን ስንጠይቃት ሌላ ስፋት አሳየች። በሦስተኛው በሬ የሚያሳልፍ ሆነ። «ሲስተር» አለኝ ተወልደ ወደ ጎን ጠርቶ፣ «እኔ የምሠራው በሚሊሜትር ነው፤ በጣት አልሠራም። ምስክር ያስፈልገኛል።»

ምስክር ፍለጋ ሾላ ገበያ የሄድነው እንዲህ ነው። ሸምሲያ እኛ ጋ ከመምጣቷ በፊት ጥርሷ ሙሉ ሳለ እዚያ ትነግድ ነበር። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ እኔ ጃንጥላ ይዤ ከፊት፣ ተወልደ መለኪያውን በደረት ኪሱ ይዞ ከኋላ። የጥንት ጎረቤቷን ፈዲላን በርበሬዋ አጠገብ አገኘናት። ነገሩን ስንነግራት እጇን አጨበጨበች።

«የሸምሲያ ፍንጭት! ያ አላህ! እሱማ የገበያው ጌጥ ነበር! ስንዴ ያሳልፋል!»

«ምን ስንዴ ትያለሽ አንቺ ሴት?» አሉ ከማዶ እህል የሚሸጡት አቶ አብዱልገኒ። «ምስር ነው!»

«አንተ ደግሞ የሰው ሚስት አፍ ምን ስታይ ነበር?»

«ምን ላድርግ? ከፊቴ ተቀምጣ ቀኑን ሙሉ እየሳቀች! ዐይኔን ልጨፍን?»

«ይህን ያኔውኑ ለባሏ መንገር ነበረብኝ!»

«ባሏማ በዚያ ፍንጭት ነው ያገባት፤ ራሱ ነግሮኛል!»

ገበያው ተሰበሰበ። አንዷ ገብስ አለች። አንዱ ጤፍ ብሎ ተሳቀበት። ተወልደ እዚያው ሰልቻው ፊት ተንበርክኮ ከአቶ አብዱልገኒ ምስር አንድ አንስቶ በመለኪያው ያዘው። ቀና ብሎም በትልቅ ቁም ነገር ጠየቀ፦

«በቁመቱ ነው በጎኑ?»

ይህን ያሰበ አልነበረም።

«በጎኑ» አሉ አቶ አብዱልገኒ ቀስ ብለው።

«በጎኑ» አለች ፈዲላም። «ስንዴም በጎኑ ከምስር አይርቅም» ብላ ክብሯን ጠበቀች።

እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ቴክኒሺያን፣ በክረምት ጭቃ ላይ ተንበርክኮ፣ በትክክለኛ የብረት መለኪያ ምስር ሲለካ! መምህርቴ ከመቃብሯ ብትነሣ ምን ትለኝ ነበር? ያን ምስር ከሌሎች ጋር በመሐረቤ ቋጠርኩት። ፈዲላም በርበሬዋን ለልጇ ትታ «እኔ ሳላይ አይጸድቅም» ብላ ተከትላን መጣች።

ዶክተር ገብረየስ ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ክፍተት ምግብ ይይዛል» አሉ። ልክ ናቸው፤ እኔም በሌላ ቀን ቢሆን ይህንኑ ነበር የምለው። ከዚያ ግን ሸምሲያን አዩአትና፣ «እንግዲህ ‹ያጽዱት› ነው የምንላቸው» ብለው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ተወልደ ሰሙን በእሳት አለስልሶ ሁለቱን የፊት ጥርሶች አራቀ። አስገባንላት። ፈዲላ አገጯን ይዛ ግራ ቀኝ አዞረቻት። «ቀርቧል» አለች፤ «ግን እንጃ።»

ዶክተር እንደ ወጉ፣ ጥርሱ ከምላስ ጋር መስማማቱን ለማወቅ፣ «እስቲ ስድሳ ስድስት ይበሉ» አሏት።

«ስድሳ ስድስት ብዬ የምጠራው ልጅ የለኝም» አለች ሸምሲያ። ዐይኗን ጨፈነችና፣ «ሲራጅ!» አለች።

«ሲ» የምትለዋ አልወጣችም፤ ታፈነች። ራሷን ነቀነቀች። ተወልደ ሰሙን አለሰለሰ፣ በጣም ጥቂት ገፋ።

«ሲራጅ!»

አሁን ደግሞ አየሩ በዛ፤ እንደሚፈላ ድስት ክዳን ሽው አለ። እንደገና መለሰው። «ሲራጅ!» እንደገና። «ሲራጅ!» ክሊኒኩ ሁሉ ሰማ። ለተብርሃን ከካርድ ክፍል አንገቷን አውጥታ «ሲራጅ የሚባል ካርድ የለኝም! ዛሬ አልተመዘገበም!» ብላ ጮኸች። በሽተኞቹ ተራቸውን የወሰደው ይህ ሲራጅ የሚባል ሰው ማን እንደሆነ እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር።

ተወልደ ላቡን በክንዱ ጠረገና ለመጨረሻ ጊዜ ነካ አደረገው።

«ሲራጅ!»

ቀጭን፣ ጥርት ያለች ፉጨት ነገር ከስሙ ፊት ፊት ወጣች። እንደ ትንሽ ወፍ። እኔ ከዚህ በፊት ሰምቻት አላውቅም፤ ግን ልክ መሆኗን እኔም አወቅሁ። ፈዲላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «እሷ ናት» አለች። «ወላሂ፣ ማታ ማታ በር ላይ ቆማ ስትጠራው ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማት እንዲህ ነበር።»

ሸምሲያ መስተዋት አልጠየቀችም። እኔ መሐረቤን ፈለግሁ፤ ምስር ነበረበት።

ጥርሱ ተጠናቀቀ። አደራረጉንና አያያዙን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፦ ከምግብ በኋላ ይታጠባል፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እንጂ በፈላ ውኃ አይነካም፣ ቆሎ የሚባል ነገር ለጊዜው አይታሰብም፣ ማታ ይወልቅና ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል። ሁሉንም «እሺ» አለች። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ማታ ላውልቀው? ልጄ ሌሊት ነቅቶ ቢያየኝስ?»

ሕጉ ግልጽ ነው። ድድ ማረፍ አለበት። ይህን ሕግ ለስንት ሺህ ሰው ተናግሬያለሁ፤ ለማንም ፈቅጄ አላውቅም። «የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻ» የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ከሷ ይልቅ እኔ ደነገጥኩ።

ምርኮኞቹ በነገው ዕለት ቦሌ እንደሚያርፉ ትናንት ወሬ ደረሰን። እፎይ ብዬ ዕቃዬን ስሰበስብ ተወልደ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ደስ ያለው አልመሰለም።

«ሲስተር፣ ሁላችንም እሱ እሷን በምን ያውቃታል እያልን ነው የከረምነው» አለኝ። «እሷስ እሱን በምን ታውቀዋለች? አሥራ አንድ ዓመት የታሰረ ሰው ጥርስ ይኖረዋል?»

እጄ ላይ የነበረውን ትሪ አስቀመጥኩ። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው አፍ ሳይ የኖርኩ፣ ይህንን አላሰብኩትም! በምን ይመገቡ እንደነበር፣ በምን ይታጠቡ እንደነበር፣ ማን ያውቃል? ምናልባት ከልጅነት መልኩ አንድም ነገር ላይቀር ይችላል። ያቺ ሴት ያን ሁሉ ዝግጅት አድርጋ አጠገቧ ያለፈውን ሰው ሳታውቀው ብትቀርስ? እንዲያ ሳላስጠነቅቃት መሄድ አልችልም። ወደ ኋላ ክፍል ሄድኩ። መቀሶቹን እየደረደረች ነበር።

«ሸምሲያ» አልኳት፣ «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ሲራጅ ብዙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መልኩ... ጥርሱም...»

ሳቀች። በአዲሱ ጥርሷ፣ ሙሉ አፏን ከፍታ ሳቀች።

«ሲስተር፣ ሲወለድ ጥርስ ነበረው እንዴ? ያኔስ አላወቅሁትም?»

እጅጌዬን ሰብስቤ መቀሶቹን አብሬያት መደርደር ጀመርኩ።

እንግዲህ ይህን ተሸክሜ እሄዳለሁ። ዶክተር ገብረየስ፣ እጅዎ አይንቀጥቀጥ፤ የሚታከምልዎ ሁሉ ይዳንልዎ። ተወልደ፣ የሠራኸው ጥርስ ሳቅ ያውጣበት፤ ልጅ ውለድ፣ ልጅህም ከማዶ ሰምቶ የሚያውቀው ስም ይኑረው። ለተብርሃን፣ ካርድ አይጥፋብሽ፣ ሰውም አይጥፋብሽ። በጦር ሜዳ ልጅ ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ከአንድ በላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የናንተም በር ይንኳኳ። እግዚአብሔርም አላህም ለሁላችሁ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፤ ወደ ሥራችሁ ስትገቡ በሰላም፣ ስትወጡም በሰላም ያድርጋችሁ።

«ከነገ ጀምሮ ምን ልትሠሪ ነው?» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ከነገ ወዲያ ያለውን አላውቅም። ነገን ግን አውቃለሁ። በማለዳ እነሣለሁ። ቁርሴን እበላለሁ፤ ጥርሴን አጥባለሁ። ነሐሴ ነውና ጃንጥላዬን እይዛለሁ። ወደ ሾላ ሄጄ ሸምሲያን ከቤቷ እወስዳለሁ፤ ጥርሱ በደንብ መቀመጡን ደጃፍ ላይ በብርሃን አያለሁ። ፈዲላ «መንገድ ላይ የሚቆረጠም» ብላ ቆሎ ይዛ ከመጣች እቀማታለሁ። ከዚያ ቦሌ ሄደን ከሚጠብቀው ሰው ጋር እንቆማለን። ሸምሲያ ትጠራዋለች፤ እኔ ዝም እላለሁ። ልጁ ሲመጣ ከንፈሩን ገጥሞ ቢመጣ፣ «አፍህን ክፈት» አልለውም። ክሊኒኩ የት እንደሆነ እናቱ ታሳየዋለች።